ከትልቁ ጎማ እስከ እትዬ ዘነበች በርበሬ

ተረት ተረት።
የጎማ ምሬት።

ጉልላት ማግባት ፈለገ። ትንሽ ነገር ናት። ሰው ከዚህ የባሰ ይፈልጋል።

ጉልላት ፎቶ አንሺ ነው። የሰፈሩ ሠርግ ሁሉ በእሱ ካሜራ አልፏል። ለሰው ሙሽራ "ትንሽ ወደ ግራ፣ አገጭ ቀና፣ ፈገግ" ሲል ኖሮ ለራሱ ፈገግ የሚልለት አጣ። አንድ ቀን ግን የአንዲት ሙሽራ እህት ከካሜራው ፊት አልሄድም አለች።

"አንተ ራስህ መቼ ነው የምትነሳው?" አለችው።

ዓይናዲስ ትባላለች። እዚያው አለቀ። የቀሩት አባቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ አቶ ይመኑ ናቸው። የሚኖሩት ጥድ በር ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጥተው አስፋልቱ ሲያልቅ፣ ከዚያ ጠጠሩ ሲያልቅ፣ ከዚያ ወንዙን ሲሻገሩ። ወንዙ ድልድይ የለውም። የድልድይ የመሠረት ድንጋይ ግን አለው። ጎርፍ አንስቶ መሃል ወንዝ አስቀምጦታል፤ የሚያልፍ መኪና ሁሉ ሆዱን የሚፋቀው በእሱ ነው።

የአባትን ፈቃድ የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ባለፈው እሑድ ጉልላት ሦስት ሽማግሌዎች በአሮጌ ላንድክሩዘሩ ጭኖ ሄደ። መኪናዋ መሃል ወንዝ ስትደርስ ሆዷ ድንጋዩ ላይ ተኛ። አልነሳም አለች። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ እግራቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ዋሉ። በመጨረሻ በበሬ ተጎትተው ወጡ፤ ያውም ወደ ኋላ። አቶ ይመኑ ከማዶ ቆመው ሁሉንም አዩ።

"ወንዝ ያልተሻገረ ሽማግሌ አልመጣም ማለት ነው" ብለው ገቡ።

ዛሬ ጠዋት ዓይናዲስ ደወለች።

"ትራክተር ያለው ሰውዬ ነገ ሽማግሌ ይልካል። አባዬ ደግሞ ጆሮዬን የምሰጠው ቀድሞ ደጄ ለደረሰ ነው ብሏል።"

"መኪናዋ እኮ ዝቅ ብላ ነው፣ ዓይኔ።"

"ጎማ ቀይር።"

"መንገዱም ቢሆን..."

"ጎማ ቀይር አልኩህ። ሰበብ አትቀይር።"

ዘጋችው።

*

ጉልላት ጎማ ገዛ። አገር የሚያህል ጎማ። ጥርሱ ጣት ይውጣል፤ ጎኑ ላይ የፋብሪካ ፀጉሩ ገና አልተላጨም። ትልቅ ጎማ መኪናን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለች መኪና ድንጋይ አትነካም። ይህን ያህል አስቧል። ጎማው የት እንደሚገባ ግን አላሰበም። ማግባት የፈለገ ሰው ሁሉን አያስብም፤ ሁሉን ያሰበ ሰው አያገባም።

መኪናዋን ይዞ ሶማሌ ተራ ጀርባ፣ እትዬ ዘነበች ግቢ ገባ። በዚያ ግቢ ሁሉም አለ። ጎማ የሚገጥም አለ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ አለ፣ ብረት የሚቀርጽ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ወፍጮ አለ። ሁሉም የእትዬ ዘነበች ተከራዮች ናቸው፤ ሁሉም የሚሠሩት በአንድ ቆጣሪ ነው።

ሽማግሌዎቹም አብረውት መጡ። ነጭ በነጭ ለብሰዋል፤ ለምርቃት የተሞረደ ጉሮሮ ይዘዋል። ከአውቶቡስ የተነቀለ ወንበር ተሰጣቸውና ተደረደሩበት፤ ትልቁ አባ መርሻ፣ ቀጥሎ ሀጂ ሙዘይን፣ ቀጥሎ ባሻ ፈንታ። ባሻ ፈንታን ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ጎሚስታው ከድር አራቱንም ጎማ ገጠመ። የጎማ ማሰሪያ ዳዶዎቹን በእጁ ብቻ አሰራቸውና "እስቲ መሪውን አዙረው" አለ።

ጉልላት አዞረ። ጎማው ዞር ሲል ከላዩ የተደፋበት የቆርቆሮ ክንፍ፣ ፓራፋንጎው፣ ያዘው። ግርርር አለ። ቆመ።

"ቀጥ ብለህ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ችግር የለውም" አለ ከድር።

"ቀጥ ያለ መንገድ የት አለ?"

"እሱን እኔ አልሠራሁትም።"

"አጥብቀውና ልሂድ በቃ፣ ከድርዬ። ቀስ ብዬ እነዳለሁ።"

"አላጠብቅም። ወንዝ መሃል ብትቀር ማን ገጠመው ሲባል ከድር ነው የሚባለው። ፓራፋንጎው ይልቀቀው፣ ያኔ አጠብቃለሁ።"

ጎማውስ ምን አለ? ምንም አላለም። አዲስ ነው፤ ሰፈሩን አያውቅም።

እና ፓራፋንጎው ከነከሰ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ ሠርግ የለም።

ይኼ ገና አጭሩ ነው።

*

ጉልላት ባትላሜራው ጋሽ ህሩይ ዘንድ ሄደ። ጋሽ ህሩይ መዶሻቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ህሩይ፣ ይቺን ፓራፋንጎ ቆረጥ ያድርጉልኝ።"

"አልቆርጥም።"

"ትንሽ ብቻ። ጠርዟን።"

"ይቺን ፓራፋንጎ አጥር ስትገጭባት ያቃናሁ እኔ። በግ ስትገጭባት ያቃናሁ እኔ። የገዛ በርህን ስትገጭባት ያቃናሁ እኔ። አሁን በመቀስ? ልጅህ ቆብ ቢጠበው ጆሮውን ትቆርጣለህ?"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቦዲውን አንሳው። ቦዲው ሻንሲው ላይ፣ ከሥር ያለው የብረት አጥንት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከሻንሲው ላይ ከፍ ካልክ ፓራፋንጎውም አብሮ ከፍ ይላል፣ ጎማው ይተነፍሳል።"

"በምን ከፍ ይላል?"

"በታኮ ነዋ። በቦዲውና በሻንሲው መሃል፣ በየቡሎኑ ሥር አንድ አንድ ታኮ። አጭር ሙሽራ ምን ታደርጋለች?"

አባ መርሻ ከወንበራቸው ሰምተው ኖሮ ገቡበት።

"እኔም በሠርጌ ቀን ታኮ አድርጌ ነበር። ሚስቴ ያወቀችው ማታ ሳወልቅ ነው።"

"ምን አሉ ታዲያ?" አሏቸው ሀጂ ሙዘይን።

"ቀሪውስ የት ሄደ? አለች።"

ባሻ ፈንታ ነቁ። "ወንዙን አለፍነው?" አሉ። ገና ነን አሏቸው። ተመልሰው ተኙ።

እና ታኮ ከሌለ ቦዲው አይነሳም፤ ቦዲው ካልተነሳ ፓራፋንጎው ይነክሳል፤ ፓራፋንጎው ከነከሰ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ ሠርግ የለም።

*

ታኮ የሚቀርጸው ወርቅነህ ነው። ቶርኖ አለው፤ ብረትም ጠንካራ ፕላስቲክም ጎራርዶ፣ አሽከርክሮ የፈለጉትን ያወጣል። ጉልላት ሲገባ ወርቅነህ ጨለማ ውስጥ መነጽሩን አድርጎ ቁጭ ብሏል።

"ወርቅዬ፣ ታኮ ትቀርጽልኛለህ? ረጃጅም ቡሎንም ጨምር። ዛሬ፣ አሁን።"

"በጥርሴ?"

"ለምን በጥርስህ?"

"መብራት የለማ።"

"እንዴት የለም? ማዶ ያለው ፀጉር ቤት ሙዚቃው ይጮኻል።"

"ሰፈሩ አለው፤ ግቢው የለውም። እትዬ ዘነበች ትናንት ባልቦላውን ከቆጣሪው ነቅለው ወሰዱት።"

"እና መነጽሩን ለምን አደረግከው?"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

እና መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ታኮ የለም፤ ታኮ ከሌለ ቦዲው አይነሳም፤ ቦዲው ካልተነሳ ፓራፋንጎው ይነክሳል፤ ፓራፋንጎው ከነከሰ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ ሠርግ የለም።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ሁሉም ትክክል ነው። የጉልላት ችግርም ይኸው ነው። አንድ እንኳ የሚሰደብ ሰው አላገኘም።

*

እትዬ ዘነበች በረንዳቸው ላይ፣ በርበሬያቸው ፊት ተቀምጠዋል። በርበሬው ግቢው መሃል ሸራ ላይ ተሰጥቷል፤ ቀይ ሜዳ ነው። መኪና የሚገባው ዙሪያውን ዞሮ ነው።

"እትዬ፣ ባልቦላው የት ነው ያለው?"

"እዚህ" ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። በመሐረብ ጠቅልለው ጉያቸው ከተውታል።

"ቢሰጡኝ? ለአንድ ሰዓት?"

"ባልቦላ የምሰጠው በርበሬዬ ሲፈጭ ነው።"

"በርበሬው ለምን አልተፈጨም?"

"እሱን ድንቁን ጠይቀው። ትናንት ይህን በርበሬ ተሸክሜ ወፍጮው ድረስ ሄድኩ። ሴቱ ሁሉ ተሰልፏል። እጁን ጨመረና 'ረጥቧል' አለኝ። በሰው ፊት። ይህን ግቢ ሳከራይ፣ ስድስት ልጅ ሳሳድግ፣ አንድ ቀን በርበሬዬ ረጥቦ አያውቅም። በርበሬውን አልነበረም ረጥቧል ያለው። እኔን ነው።"

"እኔ ይቅርታ ልጠይቅልዎት?"

"አንተ ምን አረግከኝ?"

"ሠርጌ እኮ ነው፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለሠርግህ በርበሬ አያስፈልግም? ሂድ፣ ንገረው።"

እና በርበሬው ካልተፈጨ ባልቦላው ከጉያ አይወጣም፤ ባልቦላው ካልወጣ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ታኮ የለም፤ ታኮ ከሌለ ቦዲው አይነሳም፤ ቦዲው ካልተነሳ ፓራፋንጎው ይነክሳል፤ ፓራፋንጎው ከነከሰ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ ሠርግ የለም።

*

ወፍጮ ቤት። ጋሽ ድንቁ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ዱቄት ነው። ወፍጮው ዝም ብሏል፤ እሳቸው ግን ከልማዳቸው የተነሳ እየጮሁ ነው የሚያወሩት።

"በርበሬውን አልፈጭም!"

"እሰማለሁ ጋሽ ድንቁ።"

"እርጥብ በርበሬ ድንጋይ ላይ እንደ ማስቲካ ነው የሚለጠፈው! ከዚያ የሰው ጤፍ ሁሉ በርበሬ ይሆናል! የአራስ ገንፎ ሳይቀር! አንዴ አድርጌው ክርስትና ቤት አስለቅሻለሁ!"

"ትናንት ነው የረጠበው። ዛሬ ቢያዩትስ?"

"ዛሬ በምን ልፍጨው? መብራት አለ? ባልቦላውን ታምጣ፣ ከዚያ እናያለን።"

ጉልላት ግቢውን አቋርጦ ሮጠ። "ባልቦላውን ይስጡና ያያል ይላሉ።"

"ይፍጭና እሰጣለሁ።"

ተመልሶ ሮጠ። "ይፍጩና ይሰጣሉ።"

"ትስጥና እፈጫለሁ!"

ሦስተኛውን ሲሮጥ በርበሬው ላይ ሊወድቅ ነበር። ከድር የተፈታው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያያል። "እንዳንተ የሚዞር ጎማ ብናገኝ ጥሩ ነበር" አለው።

ስልኩ ጮኸ። ዓይናዲስ ናት።

"የት ደረስክ?"

"በርበሬ ጋ።"

"ምን በርበሬ?"

"ረጅም ነው።"

"ስማኝ። ከላይ በኩል ጠቁሯል። ማታ ከዘነበ ወንዙ ይሞላል፤ ነገ ትራክተር ብቻ ነው የሚያልፈው። ሰውዬው ዛሬ ትራክተሩን አሳጥቦ በደጃችን ሁለቴ አለፈ። አባዬ ሁለተኛውን ጊዜ እጁን አነሳለት።"

"እጁን? በንዴት?"

"በሰላምታ።"

ጉልላት መሬት ላይ ቁጭ አለ። ጀርባውን ለአዲሱ ጎማ ሰጠ። ጎማውም ጀርባውን ሰጠው።

ምክንያቱም ባልቦላው ካልወጣ በርበሬው አይፈጭም፤ በርበሬው ካልተፈጨ ባልቦላው አይወጣም፤ ባልቦላው ካልወጣ መብራት የለም፤ መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፤ ቶርኖው ካልዞረ ታኮ የለም፤ ታኮ ከሌለ ቦዲው አይነሳም፤ ቦዲው ካልተነሳ ፓራፋንጎው ይነክሳል፤ ፓራፋንጎው ከነከሰ ጎማው አይዞርም፤ ጎማው ካልዞረ ሽማግሌ አይሄድም፤ ሽማግሌ ካልሄደ ሠርግ የለም፤ ሠርግ ከሌለ ዓይናዲስ ትራክተር ላይ ናት።

*

"ልጄ" አሉ አባ መርሻ ከአውቶቡስ ወንበራቸው።

"አቤት።"

"እኛ ምንድን ነን?"

"ሽማግሌ ናችሁ።"

"ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ለብሰን የተቀመጥነው ለምንድን ነው?"

"ልታማልዱ... ሽምግልና ልትሄዱ።"

"ታዲያ ጠብ ፊታችን ተሰጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፤ አንተ ብቻህን ትሮጣለህ። እኛን ማን ጠየቀን?"

ጉልላት ሱሪውን አራግፎ ተነሳ። ሽማግሌ ጭኖ ሽማግሌ የሚፈልግ ሰው ምን ይላል?

ሦስቱ ተነሱ። ባሻ ፈንታ እንደተኙ ተነሱ፤ የነቁት መንገድ ላይ ነው። "ወንዙን አለፍነው?" አሉ። ሀጂ ሙዘይን "እሱ ላይ ነን" አሏቸው። ሄደው እትዬ ዘነበች በረንዳ ሥር ቆሙ።

ሽማግሌ በደጅ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ እትዬ ዘነበች ያውቃሉ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ግቡ፣ ቁጭ በሉ።"

"አንቀመጥም" አሉ አባ መርሻ። "እሺ ካላልሽን እዚሁ ቆመን እንመሻለን። ጉልበቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ።"

"እኔ ምን አደረግሁ? እሱን አትጠሩትም?"

ሀጂ ሙዘይን ሄደው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ጋሽ ድንቁ ዱቄታቸውን እያራገፉ ወጡ።

ሁለቱ ባለጠቦች በርበሬው ግራና ቀኝ ቆሙ። ግቢው ሁሉ ሥራ ፈትቶ መጣ፤ ሥራማ ድሮም የለም።

"ረጥቧል ያልከው ይህን ነው?" አሉ አባ መርሻ።

"ይህን ነው! እጄ ላይ ነው የቀረው!"

"ቀስ ብለህ። ወፍጮው ቆሟል።"

"ይህን ነው" አሉ ጋሽ ድንቁ፣ ቀስ ብለው።

አባ መርሻ ጎንበስ ብለው አንድ ዛላ አነሱ። በሁለት ጣታቸው ሰበሩት። ቀጭ አለ። ይህ ይበቃ ነበር። ሰው ሁሉ ስለሚያያቸው ግን ለክብራቸው ሲሉ አፋቸው ከተቱት። አኘኩት። ዋጡት።

መጀመሪያ ምንም አልሆኑም። ቀጥሎ ጆሯቸው ቀላ። ቀጥሎ እንባቸው ወረደ፤ ጉሮሯቸው ተዘጋ፤ እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

"አያችሁ? ደረቅ ባይሆን እንዲህ ያቃጥላል?" አሉ እትዬ ዘነበች።

"አያችሁ? እሳቸውን እንዲህ ካነቀ ድንጋዬንማ" አሉ ጋሽ ድንቁ።

ከድር ውኃ አመጣ። ሀጂ ሙዘይን ጀርባቸውን መቱላቸው። አባ መርሻ ጠጡ፣ ተነፈሱ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ድምፃቸው ሲመለስ የሌላ ሰው ሆኖ ነው የተመለሰው።

"ትናንት ረጥቦ ነበር። ድንቁ አልዋሸም። ዛሬ ደርቋል። ዘነበችም አልዋሸችም። ከትናንት እስከ ዛሬ ማን አደረቀው?"

ከድር ወደ ፀሐይ ጠቆመ።

"ጠባችሁ ነው ያደረቀው። ተኳርፋችሁ ፀሐይ ላይ ተዋችሁት። ባትጣሉ ኖሮ ይህ በርበሬ እስካሁን እርጥብ ነበር። እንዲህ የጠቀመ ጠብ አይቼ አላውቅም። አሁን ግን ይበቃል፤ ካሁን በኋላ ያለው ጠብ ያሳርረዋል።"

እትዬ ዘነበች ጋሽ ድንቁን አዩ። ጋሽ ድንቁ በርበሬውን አዩ።

"ተሳሳሙ" አሉ ሀጂ ሙዘይን።

"አልስመውም፤ ዱቄት ነው።"

"እኔም አልስማትም፤ በርበሬ ናት።"

"እሺ፣ ተጨባበጡ።"

ተጨባበጡ። ግን ማን ይቅደም? ባልቦላው ወይስ በርበሬው? ሊጀመር ነው፤ ሁለቱም እጃቸውን ሊስቡ ነው። አባ መርሻ ቀደሙ። ባልቦላውን ከእትዬ ዘነበች ተቀብለው ሀጂ ሙዘይን ቀኝ እጅ ላይ አስቀመጡት። የመጀመሪያውን ቁና በርበሬ ባሻ ፈንታ እቅፍ ላይ አስቀመጡት።

"አሁን ሁለቱም በሽማግሌ እጅ ነው። ማንም አልቀደመም። ማንም አልተቀደመም። ሂዱ፣ ሥሩ።"

*

ባልቦላው ገባ፣ መብራት መጣ። መብራት መጣ፣ ወፍጮው ጮኸ። ወፍጮው ጮኸ፣ በርበሬው ተፈጨ፤ ግቢው በሙሉ አስነጠሰ፤ ጋሽ ድንቁ እንደገና ሰው ሆነው ጮሁ። መብራት መጣ፣ ቶርኖው ዞረ፤ የወርቅነህ መነጽር ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ። ቶርኖው ዞረ፣ ታኮው ወጣ፤ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ጠንካራ፣ እንደ ዳማ ጠጠር የሚያምር። ጋሽ ህሩይ ቡሎኖቹን ፈቱ፤ ከድር ክሪኩን ከሥር አስገብቶ ቦዲውን ገፋው። አሮጊቷ መኪና ጣጣ፣ ሲጥ፣ ቋ እያለች ከሻንሲዋ ላይ ተነሳች። ታኮዎቹ ገቡ። ረጃጅሞቹ ቡሎኖች ገቡ። የመሪው ዘንግ ተጎተተ፣ የነዳጅ መሙያው ቱቦ ተንጠራራ፣ ሁሉም ደረሰ። ታኮው ገባ፣ ቦዲው ተነሳ። ቦዲው ተነሳ፣ ፓራፋንጎው ለቀቀ። ፓራፋንጎው ለቀቀ፣ ጎማው ዞረ፤ ግራ ዞረ፣ ቀኝ ዞረ፣ አንድም ነገር ሳይነካ። ጎማው ዞረ፣ ከድር አጠበቀ።

ጋሽ ህሩይ ፓራፋንጎዋን ዳበሷት። "አንድ ጠርዝ አልተነካችም" አሉ። ሌላ ሰው አልሰማቸውም።

መኪናዋ ቆማ ስትታይ ግን ሌላ መኪና ናት። በሩ የነበረበት ቦታ አሁን ጎማው አለ። አባ መርሻ ሄደው ሲቆሙ የመኪናዋ ወለል ደረታቸው ላይ ዋለ።

"ይኼ መኪና ነው ሰገነት?"

ከድርና ወርቅነህ ከሁለት በኩል ብብታቸውን ይዘው እንደ ጤፍ ጆንያ ወረወሯቸው። ሀጂ ሙዘይን "ቢስሚላህ" ብለው ራሳቸው ሊወጡ ሞከሩ፤ ግማሽ ላይ ቀሩ፤ ገፏቸው። ባሻ ፈንታ ተኝተው ስለነበር ቀላል ነበሩ።

ስለ መውጣቱ ግቢው ሁሉ አሰበ። ስለ መውረዱ ያሰበ የለም።

*

አስፋልቱ አለቀ። ጠጠሩ አለቀ። ወንዙ መጣ፤ ከላይ ዘንቦ ኖሮ ከእሑዱ ከፍ ብሏል፤ ቀለሙም የሻይ በወተት ሆኗል። ጉልላት ዓይኑን ጨፈነ ማለት ይቻላል። ጎማው ገባ። ውኃው ጎማውን ሞከረው፤ ጎማው ውኃውን በጥርሱ ያዘው። የመሠረት ድንጋዩ ከሥራቸው አለፈ። አልነካቸውም፤ አልነኩትም። ማዶ ወጡ።

ባሻ ፈንታ ነቁ። "ወንዙን አለፍነው?" አሉ።

"አለፍነው" አሏቸው።

"ለምን አትቀሰቅሱኝም ታዲያ?"

አቶ ይመኑ ሞተር ሰምተው ወጡ። ትራክተር መስሏቸው ነበር። አጥራቸው በር ላይ ቆሙና ወደ ላይ አዩ። መስኮቱ ላይ ሦስት ነጭ ጥምጥም ተደርድሯል።

"እንደምን ዋላችሁ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ አባ መርሻ። "ወንዝ ተሻግረናል።"

"አይቻለሁ። ውረዱ እንጂ።"

"እንወርዳለን።"

ማንም አልወረደም። ሀጂ ሙዘይን በሩን ከፈቱና ወደ ታች አዩ። መልሰው ዘጉት።

"ምን አቆያችሁ? ቀኑ እኮ ሊመሽ ነው።"

"በርበሬ ረጥቦ ነበር" አሉ አባ መርሻ። "በርበሬው ስለረጠበ አልተፈጨም፤ ስላልተፈጨ ባልቦላው ጉያ ገባ፤ ባልቦላው ጉያ ስለገባ መብራት ጠፋ፤ መብራት ስለጠፋ ቶርኖው ቆመ፤ ቶርኖው ስለቆመ ታኮ ጠፋ፤ ታኮ ስለጠፋ ቦዲው አልተነሳም፤ ቦዲው ስላልተነሳ ፓራፋንጎው ነከሰ፤ ፓራፋንጎው ስለነከሰ ጎማው አልዞረም፤ ጎማው ስላልዞረ ሽማግሌ አልመጣም፤ አሁን ሁሉም ሆኖ መጥተናል።"

አቶ ይመኑ በጣታቸው እየቆጠሩ እስከ በርበሬው ተመለሱ።

"በርበሬው አሁን ተፈጨ?"

"ተፈጨ።"

"ጥሩ ነው። እንግዲህ ሽማግሌ ወርዶ፣ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ወግ ነው።"

"ወጉን እናውቃለን። ወጉ ሲወጣ መኪናው እንዲህ አልነበረም። ልጅዎን ዓይናዲስን ለልጃችን ለጉልላት ይስጡን።"

"እንግዲህ..." አቶ ይመኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዘመድ አዝማድ አማክረን፣ ለሌላ እሑድ ብትመለሱ..."

ይህም ወግ ነው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የለም፤ ልጁን ጠልቷት ነው ይባላል። አባ መርሻ ግን ከበርበሬው ጀምሮ ትዕግሥታቸው ቀጥኗል።

"አንመለስም። ለመመለስ መሄድ ያስፈልጋል። ለመሄድ መጀመሪያ እሺ መባል ያስፈልጋል፤ እሺ ሳንባል ከዚህ ንቅንቅ አንልም። ብንፈልግም መውረድ አንችልም። እዚህ ደጅዎ ላይ ሦስት ሽማግሌ ተሰቅሎ ሲያድር ጎረቤት ምን ይላል? እንግዲህ ይምረጡ፤ ወይ ልጅዎን ይስጡን፣ ወይ መሰላል ይስጡን።"

ጉልላት መሪውን ጨብጦ ቀርቷል። ፊቱ ላይ ደም የለም። ፎቶ ቢነሳ አይወጣም ነበር።

ዓይናዲስ የቤቱ ጥግ ላይ ቆማ ትሰማለች። አቶ ይመኑ ወደ እሷ ዞሩ።

"መሰላል አለን?"

"የለንም፣ አባዬ።"

መሰላሉ ከኋላዋ ጣሪያው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ባለ ሰባት እርከን ነው፤ አዲስ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። አቶ ይመኑ መሰላሉን አዩት። ልጃቸውን አዩዋት። መሰላሉን ደግመው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ መኪናዋ ቀና አሉ።

"የለንም" አሏቸው አባ መርሻን።

ተረቴን መልሱ፤
ለአባ መርሻ መሰላል አድርሱ።